መልሶ የተደፈነው ጉድጓድ፦ የእንግሊዝ የብረት ጠቋሚ ክለቦች ታሪክ

በኤፕሪል 2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ፍሮም በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ዴቭ ክሪስፕ የተባለ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ይመላለስ ነበር። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል፤ በእጁ የያዘውን ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያወዛውዛል። አንድ ቦታ ላይ መሣሪያው ያልተለመደ ድምፅ ሰጠው። ቆፈረ። 35 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደወረደ ትንሽ ሳንቲም ከጭቃው ወጣች፤ ከሥሯ ደግሞ የጠቆረ ሸክላ ብቅ አለ። የትልቅ እንስራ አፍ ነበር። እንስራው በሳንቲም ተሞልቷል።

ክሪስፕ እዚያ ላይ አቆመ። አፈሩን መልሶ ደፈነና ጉዳዩን ለአካባቢው የቅርስ ባለሙያ አስታወቀ።

እንስራ ሙሉ ገንዘብ አግኝቶ አፈር መልሶ ያለበሰው ሰው ምን አስቦ ነው? ደግ ሰው ስለሆነ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። የሰውየውን ደግነት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ደግነት ብቻውን እጅን እንዲህ አይገታም። ክሪስፕ የአካባቢው የብረት ጠቋሚ ክለብ አባል ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩ የብዙ ክለቦች አባላት ለአርባ ዓመት ያህል የተጣሉበት፣ የተሰደቡበት፣ የተከራከሩበትና በመጨረሻም የተማሩት ነገር ያን ቀን እጁን ያዘው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ትምህርት ታሪክ ነው።

ትምህርቱ ምን እንደጠቀመ በቅድሚያ ልንገራችሁ። አለን ግርሃም የተባለ አርኪዮሎጂስት እንስራውን እንዳለ ከመንቀል ይልቅ በሦስት ቀን ውስጥ ከላይ ወደ ታች፣ ንብርብር በንብርብር ሳንቲሞቹን እያወጣ የእያንዳንዱን ንብርብር ለየብቻ አስቀመጠ። ሲቆጠሩ 52,503 ሆኑ፤ ክብደታቸው 160 ኪሎ ግራም ገደማ። የሮማ ዘመን ሳንቲሞች ናቸው። ከሁሉም ኋላ የተሠሩት የካራውሲየስ ሳንቲሞች ነበሩ፤ ካራውሲየስ ከሮም አፈንግጦ ከ286 እስከ 293 ብሪታንያን የገዛ ሰው ነው። አንድ ሰው ገንዘቡን ዓመት በዓመት እየጨመረ ቢያጠራቅም ኖሮ አዲሶቹ ሳንቲሞች ከላይ ይገኙ ነበር። የካራውሲየስ ሳንቲሞች ግን ከእንስራው መሃል፣ በብዙ ሺህ አሮጌ ሳንቲሞች ሥር ተገኙ። ስለዚህ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ የገባ ነው። ደግሞም ያ ሸክላ 160 ኪሎ ተሸክሞ የሚጓዝ አይደለምና፣ እንስራው መጀመሪያ ተቀብሮ ኋላ መሞላቱ ግልጽ ሆነ። ምናልባት የአንድ መንደር ሰዎች በጋራ ለአማልክታቸው ያቀረቡት ስለት ይሆናል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ክሪስፕ ሳንቲሞቹን በከረጢት ጠራርጎ ወደ ቤቱ ወስዷቸው ቢሆን ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነበር፤ ይህ ሁሉ ነገር ግን ለዘላለም ይጠፋ ነበር።

መሣሪያው ራሱ የተወለደው ለጨዋታ አይደለም። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመታ፣ ስልክን የፈጠረው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ጥይቱ የተቀበረበትን ቦታ ለማግኘት ብረት የሚያሸት መሣሪያ ይዞ ቀረበ። አልተሳካለትም፤ የአልጋው የብረት ስፕሪንግ ድምፁን አምታታው ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ዮዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መኮንን በስኮትላንድ ስደት ላይ ሳለ በእጅ የሚያዝ ፈንጂ ጠቋሚ ሠርቶ ለእንግሊዝ ጦር በነፃ ሰጠ። በ1942 በኤል አላሜይን በረሃ ለወታደሩ መንገድ የከፈተው ይኸው መሣሪያ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያንም የምናውቀው ይበልጥ በዚህ ፊቱ ነው፤ ከ1998 እስከ 2000 ከተካሄደው ጦርነት በኋላ በትግራይና በአፋር ፈንጂ ሲለቀም የገበሬውን እግር ያተረፈ መሣሪያ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ከጦር መጋዘን የወጡ መሣሪያዎች በየሱቁ ተሸጡ። ትራንዚስተር ሲመጣ መሣሪያው ቀለለ፤ ዋጋውም ወረደ። በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ በየማሳው፣ በየባሕር ዳርቻው መሣሪያ የሚያወዛውዝ ሰው በዛ። የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ጡረተኛ ወታደር፣ ቧንቧ ሠራተኛ፤ ብዙዎቹ የታሪክ ትምህርት ከአንደኛና ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ፣ የሙዚየምን በር በፍርሃት የሚያዩ ሰዎች ነበሩ።

ክለቦቹ የተፈጠሩት በዚያን ጊዜ ነው፤ ምክንያታቸውም በጣም ተራ ነበር። ብቻውን የመጣን እንግዳ ገበሬው አያምነውም፤ ሊቀመንበርና ደንብ ያለው ማኅበር ሲጠይቀው ግን ማሳውን ሊፈቅድ ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ብቻውን የሚፈልግ ሰው ያገኘውን አያውቀውም። ዝገት የበላውን ነሐስ አዙሮ አዙሮ ቢያየው የቀበቶ ዘለበት ይሁን የፈረስ ጌጥ አይለይም። አጠገቡ ሃያ ዓመት የፈለገ ሰው ካለ ግን ገና ጭቃው ሳይጠረግ ይነግረዋል። በዚህ ምክንያት በወር አንድ ምሽት በመጠጥ ቤት ጀርባ ክፍል ወይም በመንደር አዳራሽ መሰብሰብ ተጀመረ።

አርኪዮሎጂስቶቹ ይህን ሲያዩ ደነገጡ። ድንጋጤያቸው ተገቢ ነበር እላለሁ። ለእነሱ አንድ ዕቃ ዋጋ የሚኖረው ከተቀበረበት አፈር ጋር፣ ከጎኑ ካለው ዐመድና ከሥሩ ካለው ድንጋይ ጋር ሲታይ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ በየሜዳው ታሪክን እየቦጨቁ በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። በ1979 የወጣው የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ በተመዘገቡ ጥንታዊ ሥፍራዎች ላይ ያለ ፈቃድ መሣሪያውን መጠቀምን ከለከለ። ያ ግን አልበቃም ተብሎ በ1980 የብሪታንያ አርኪዮሎጂ ምክር ቤትና ሌሎች ድርጅቶች ዘመቻ ከፈቱ። ስሙ «ታሪካችንን መውሰድ አቁሙ» የሚል ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላቱ ሲገጣጠሙ «ቁም» የሚል ትእዛዝ ይሆናሉ። መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ዘራፊ ተባለ። ክለቦቹም ዝም አላሉም፤ በ1981 ብሔራዊ የብረት ጠቋሚዎች ምክር ቤትን መሥርተው ለፓርላማ ድምፃቸውን ማሰማት ጀመሩ። ክርክራቸውም የሚናቅ አልነበረም። የትራክተር ማረሻ በየዓመቱ ጠልቆ እየገለበጠ፣ ማዳበሪያው ብረቱን እየበላ፣ ከማሳው ላይኛው አፈር ውስጥ ያለው ዕቃ በሙሉ እየጠፋ ነው፤ እኛ ካላነሣነው ማን ያነሣዋል? አሉ። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት ዓይንና ናጫ ሆነው ኖሩ።

በዚያ ሁሉ ጠብ መሃል አንድ ክፍለ አገር የተለየ መንገድ ያዘ፤ በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኘው ኖርፎክ። የኖርዊች ካስል ሙዚየሟ ባርባራ ግሪንና አርኪዮሎጂስቱ ቶኒ ግሪጎሪ ገና በ1970ዎቹ ከፈላጊዎቹ ጋር መነጋገር ጀምረው ነበር። ግሪጎሪ ሰዎቹ ወደ ሙዚየም እስኪመጡ አልጠበቀም፤ እሱ ወደ ክለቦቹ ሄደ። ያመጡትን ያያል፤ ምንነቱን ይነግራቸዋል፤ የት ማሳ ላይ እንደተገኘ ይመዘግባል፤ ከዚያም ዕቃውን ለባለቤቱ ይመልሳል።

ዕቃውን መመለሱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የታሪኩ መታጠፊያ ይህ ነው። ዕቃውን ቢወስድባቸው በሚቀጥለው ወር የሚያሳየው ሰው አይኖርም ነበር። በመመለሱ ግን አንድ ነገር አስተማራቸው፦ ባለሙያው የሚፈልገው ብሩን ሳይሆን ቦታውን ነው። ሰዎቹም ቀስ በቀስ ከመሣሪያው ጋር ማስታወሻ ደብተርና ካርታ መያዝ ለመዱ። በሙያው ውስጥ ብዙዎች ይህን መንገድ ከዘራፊ ጋር እንደመሻረክ ቆጠሩት። ግሪጎሪ በ1991 በለጋ ዕድሜው ሞተ፤ መንገዱ አገር አቀፍ ሆኖ ሲያሸንፍ አላየም። ዛሬ በእንግሊዝ በየዓመቱ ብዙ የተቀበረ ሀብት ከሚመዘገብባቸው አካባቢዎች ኖርፎክ በተደጋጋሚ ቀዳሚው ነው። መሬቷ ከሌላው ስለበለጠ ብቻ አይመስለኝም፤ ሰዎቿ መናገርን ቀድመው ስለለመዱ ጭምር ነው።

በሌላ በኩል፣ አለመተማመኑ ምን እንደሚያስከፍል ሰሪ በሚባለው ክፍለ አገር ዋንቦሮ ላይ ታየ። በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚያ የሮማ ዘመን ቤተ መቅደስ መኖሩ ሲታወቅ፣ ሌሊት ሌሊት የሚመጡ ዘራፊዎች ቦታውን እንደ ፍልፈል ቆፋፈሩት። በሺዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞች በጥቁር ገበያ ተበተኑ። እንግሊዞች እንዲህ ያሉትን «የሌሊት ጭልፊት» ይሏቸዋል። የነበረው ሕግ የመካከለኛው ዘመን ልማድ ነበር፤ ወርቅና ብሩ መልሶ ሊወሰድ ታስቦ የተደበቀ መሆኑን ማረጋገጥ ይጠይቅ ስለነበር ለእንዲህ ዓይነቱ ወንጀል አቅም አጣ። የሰሪ የአርኪዮሎጂ ማኅበር ሕጉ ይለወጥ ብሎ ተነሣ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በጎ ምሳሌ መጣ። በኖቬምበር 1992 ሰፎክ ውስጥ ሆክስን በምትባል መንደር፣ አንድ ገበሬ ማሳው ላይ መዶሻ ጠፋበትና ኤሪክ ሎውዝ የሚባለውን ወዳጁን በመሣሪያህ ፈልግልኝ አለው። ሎውዝ ሲፈልግ የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥና ሳንቲም አገኘ። ጥቂት ካወጣ በኋላ መቆፈሩን አቁሞ አስታወቀ፤ አርኪዮሎጂስቶቹ በማግሥቱ ደርሰው ሀብቱ የነበረበትን ሣጥን አቀማመጥ ሳይቀር መዘገቡ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም፣ ከዚያም ጋር 200 ያህል የወርቅና የብር ዕቃ ነበር። የተከፈለው ወሮታ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ሎውዝ ከገበሬው ጋር ተካፈለው። መዶሻውም ተገኝቷል፤ እሱም ከሀብቱ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

በ1996 አዲሱ የድልብ (የተቀበረ ሀብት) ሕግ ወጣና በሴፕቴምበር 1997 በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ሥራ ላይ ዋለ። ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውና ቢያንስ አሥር በመቶ ወርቅ ወይም ብር የሆነ ዕቃ ያገኘ ሰው፣ ኮሮነር ለሚባለው ሹም በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት፤ የደበቀ ሰው እስከ ሦስት ወር ሊታሰር ይችላል። ሙዚየም ዕቃውን ከፈለገው በገለልተኛ ኮሚቴ የተገመተውን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ ብዙውን ጊዜም ፈላጊውና ባለመሬቱ እኩል ይካፈላሉ። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት።

የክለቦቹን ሕይወት በእውነት የለወጠው ግን ከሕጉ ጋር አብሮ የተወለደው፣ በፈቃደኝነት ላይ የቆመው የመመዝገቢያ ሥርዓት ነው። በ1997 በጥቂት አካባቢዎች በሙከራ ተጀምሮ በ2003 መላውን እንግሊዝና ዌልስ አዳረሰ። ኖርፎክ ላይ ግሪጎሪ ያደርገው የነበረውን አሁን 40 ያህል ባለሙያዎች በየክፍለ አገሩ ደመወዝ እየተከፈላቸው ይሠሩታል። ዘለበት፣ ቁልፍ፣ ባለ መርፌ የልብስ ጌጥ፣ የእርሳስ ማኅተም፣ ሕጉ ግዴታ ያላደረገበትን ሁሉ ይመዘግባሉ፤ መዝገቡም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዕቃ አልፏል። አብዛኛው የተገኘው በእነዚያ አንድ ጊዜ ዘራፊ በተባሉት ሰዎች ነው።

አንድ ክለብ የሚሠራውን ላሳያችሁ። እሑድ ጧት ገበሬው በፈቀደው ማሳ ጠርዝ ላይ መኪኖች ይደረደራሉ። ሰብሳቢው የማሳውን ወሰን፣ የማይረገጠውን ቡቃያ፣ ከብት ያለበትን በር ይናገራል። ከዚያ ሰዉ ይበተናል። ድምፅ ሲሰማ ሣሩ በካሬ ተቆርጦ እንደ ክዳን ይገለበጣል፤ አፈሩ ይወጣል፤ የተገኘው ይነሣል፤ አፈሩ ይመለሳል፤ ሣሩ ተከድኖ በእግር ይረገጣል። አብዛኛው የሚወጣው የመጠጥ ቆርቆሮ ቀለበት፣ የጥይት ቀለህ፣ የእርሳስ ቁራጭና የፈረስ ጫማ ነው። ይህም ቆሻሻ በኪስ ተይዞ ይወጣል፤ ማሳው ላይ አይጣልም። ሰባት ሰዓት ላይ ስንቃቸውን ሲበሉ ከመኪና ወደ መኪና «ምን ወጣልህ?» ይባባላሉ። አንዱ መዳፉን ይከፍታል፦ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳች፣ በመዶሻ የተመታች የብር ሳንቲም፣ የሰባት መቶ ዓመት ዕድሜ ያላት። ሁሉም ይሰበሰባል። ቅናት አይጠፋም፤ ከቅናቱ በፊት ግን እጅ ይጨባበጣሉ።

በወሩ ስብሰባ ላይ ደግሞ ረጅም ጠረጴዛ ይዘጋጃል። በአንዱ በኩል ሳንቲም፣ በሌላው በኩል ዕቃ ይደረደራል፤ አባላቱ እየዞሩ የወሩን ምርጥ በድምፅ ይመርጣሉ። መዝጋቢው ባለሙያ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ሰዎች የአፈር ሽታ ያልለቀቀውን ትንንሽ ከረጢት፣ የተገኘበት ቦታ የካርታ ቁጥር ተጽፎበት፣ ያስረክቡታል። አዲስ አባል የሚማረው እዚህ ነው። ማንም አያስተምረውም፤ አንጋፋዎቹ ከረጢታቸው ላይ ቁጥር ሲጽፉ ያያል፤ ቦታውን ሳይጽፍ የመጣ ሰው «ታዲያ ይህ ከየት ነው?» ሲባልና ሲያፍር ያያል። ሕግ ያላስተማረውን እፍረትና ክብር ያስተምሩታል። የእኛ ማኅበርና እድር ሰውን የሚያርሙበት መንገድ ይኸው ስለሆነ አንባቢዬ ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም።

ስለ ወዳጅነቱም ሳልናገር አላልፍም። ብዙ አባላት ጡረተኞች ናቸው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከሥራ የተሰናበተ፣ ከጦር ሜዳ ተመልሶ እንቅልፍ ያጣ አለ። ሰው ከሰው ጋር ሳይነጋገር ሳምንት በሚያልፍበት አገር፣ እሑድ ጧት የሚጠብቀው ወዳጅ መኖር ቀላል ነገር አይደለም። ክለቦቹ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ አትክልት ሲኮተኩት የጋብቻ ቀለበቱ የወደቀበት ሰው ሲጠራቸውም ያለ ክፍያ ሄደው ይፈልጋሉ።

ሁሉም ቀና ሆነ ማለቴ አይደለም። በ2015 ሌምስተር አጠገብ ሁለት ሰዎች 300 ገደማ ሳንቲም ያለው የቫይኪንግ ዘመን ሀብት አግኝተው ደበቁ፤ በ2019 ረጅም እስራት ሲፈረድባቸው ከሳንቲሞቹ የተገኙት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ጠፋ የተባለው፣ እንግሊዝ አንድ አገር መሆን ስለጀመረችበት ዘመን የሚናገር ማስረጃ ነው፤ ይህ ያንገበግባል። ሕጉም ቀዳዳ ነበረበት። በ2010 ከምብሪያ ውስጥ ክሮዝቢ ጋሬት ላይ የተገኘው ድንቅ የሮማ ፈረሰኛ ራስ ቁር ወርቅም ብርም ስላልሆነ ድልብ አልተባለም፤ በጨረታ ከ2.2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጦ የአካባቢው ሙዚየም አቅሙ ሳይደርስ ቀረ። ከ200 ዓመት በላይ የሆነና ልዩ ታሪካዊ ትርጉም ያለው የብረት ዕቃም በድልብነት እንዲታይ ሕጉ የተሻሻለው በ2023 ነው። ገንዘብ ከፍሎ የመጣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ ማሳ ላይ የሚለቀቅባቸው ትልልቅ ዝግጅቶችም አሉ። እነዚህን ክለብ ብዬ አልጠራቸውም። በማይተዋወቅ ሕዝብ መሃል የሚያፍር ሰው የለም፤ አንድ መዝጋቢም ያን ሁሉ ሰው ሊከታተል አይችልም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በአክሱም ዙሪያ ዝናብ ባጠበው ማሳ ላይ ገበሬዎችና ልጆች ጥንታዊ ሳንቲም ማግኘታቸው የቆየ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ሳንቲሞች የት እንደተገኙ ሳይመዘገብ ከእጅ ወደ እጅ አልፈዋል። በኢትዮጵያ ቅርስን መፈለግና መቆፈር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። በእንግሊዝ የምትኖሩና መሣሪያውን መሞከር የምትፈልጉ ወገኖቼ፣ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ክለብ ፈልጉ፤ ያለ ባለመሬት ፈቃድ አንድ ጉድጓድ አትቆፍሩ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ የቤት መሠረት ስትቆፍሩ ወይም ስታርሱ ጽሕፈት ያለበት ድንጋይ፣ ሳንቲም ወይም እንስራ ብቅ ካለ አታንሡት፤ አፈሩን መልሱበት፤ ቦታውን ምልክት አድርጉና ለአካባቢያችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ተናገሩ።